ውርጭ የማያውቀው ዛፍ

ባለፈው ኅዳር፣ በምኖርባት በአምስተርዳም ከተማ፣ የአንድ ሌሊት ቸልታዬ የቡና ችግኜን ገደለብኝ። ሦስት ዓመት በመስኮት ሥር ያሳደግኋት ናት። ዘሩን ከነገለባው ከጅማ ያመጣችልኝ የአጎቴ ሚስት ስትሆን፣ ከበቀሉት አራት ፍሬዎች እስከዚያ ቀን የዘለቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ቤት ሳጸዳ ለጥቂት ሰዓት ብዬ ወደ በረንዳ አወጣኋት፤ ማታ ላስገባት አስቤ ረሳኋት። ሌሊቱ ነፋስ አልነበረውም፤ ሰማዩም እንደ ታጠበ ብርሌ ጥርት ያለ ነበር። ጧት የበረንዳው ብረት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተነስንሶ አየሁ። የችግኟ ቅጠሎች ግን ገና አረንጓዴ ስለ ነበሩ "ተርፋለች" ብዬ ተጽናናሁ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቹ ውሃ እንደ ጠጣ ወረቀት ለሰለሱ፤ በማግሥቱ ጠቁረው ተንጠለጠሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አንዲት ችግኝ ይህን ያህል መናገሬ ቢያስገርምህ አልፈርድብህም። ነገር ግን ችግኟ የሞተችበት ከተማ ለቡና ተራ ከተማ አይደለም። ወደ አሜሪካ ምድር በመጀመሪያ የተሻገረው ቡና የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በዚህችው ከተማ በመስታወት ቤት ውስጥ የብርድ ወራትን ካሳለፈ ተክል ነው። ያን ጊዜ እሳት ያነድድ የነበረው ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ እንደ እኔ አንድ ሌሊት ቢዘነጋ ኖሮ፣ ታሪኩ በሌላ መንገድ መዞሩ አይቀርም ነበር።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ የውርጭ አገር ልጅ መሆኔ ነው። የተወለድሁት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ያገራችን ሰው ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ከሁሉ በላይ ላለው ከፍታ የሰጠው ስም ራሱ "ውርጭ" ነው። በእኛ ዘንድ ውርጭ የአንድ ሌሊት ክሥተት ብቻ አይደለም፤ የአገርም ስም ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ዝናቡ ካበቃና ሰማዩ ከደመና ከተራቆተ በኋላ ይመጣል። "አመዳይ" የምንለው ነጭ ብናኝ ጧት ሣሩ ላይ ተነጥፎ ይታያል። ባቄላውን በአበባው ላይ ካገኘው የወራት ልፋት በአንድ ሌሊት ይከስላል።

አያቴ፣ እምዬ ነበር የምንላት፣ የጓሮ አትክልት ነበራት። ጎመን፣ ድንች፣ ጥቂት ሽንኩርት። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጅ ወጥታ ቀና ትላለች። ደመና ካለ ወደ ምድጃዋ ትመለሳለች። ነፋስ ካለም ብዙ አትጨነቅም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ፣ ከዋክብት ማፍጠጥ ሲጀምሩ ግን "ዛሬ ሰማዩ ዐይኑን ገልጧል" ትልና እኛን ልጆቹን ታሰማራናለች። ጆንያ፣ አሮጌ ሰሌን፣ ያለቀ ነጠላ፣ ያገኘነውን ሁሉ እናመጣለን። እሷ በየመደቡ ጥግ አጫጭር እንጨት ተክላ ጨርቁን ከላይ ትዘረጋለች፤ ጎመኑን እንዲነካ አትፈቅድም። ለትንንሾቹ ችግኞች ሰፌድ ትደፋባቸዋለች።

"ይኽ ቀዳዳ ጆንያ ምን ያሞቃቸዋል፣ እምዬ?" አልኋት አንድ ማታ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

"ያሞቃቸዋል ማን አለህ? ከሰማይ ዐይን ይሰውራቸው እንጂ!"

ይህን መልስ ለብዙ ዓመታት የአሮጊት ወግ አድርጌ ቆጥሬው ኖርሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ ስለ ሙቀት ጥቂት ከቀማመስሁ በኋላማ ይባስ ብዬ ሳቅሁባት። ቀዝቃዛው አየር በጆንያው ቀዳዳም በጎኑም ይገባል፤ ከላይ የተዘረጋ ጨርቅ እንዴት አድርጎ ያግደዋል? ደጁ ሁሉ በቀዘቀዘ ሌሊት ከጆንያው ሥር ያለው አየር ከውጪው በምን ይለያል?

ከእኔ በፊት በዚሁ ምክንያት የሳቀ ሌላ ሰው እንደ ነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ ይባላል። በ1757 (ካልገለጽሁ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ቻርልስተን ተወልዶ ለንደን ውስጥ በሐኪምነት የኖረ ሰው ነው። በ1814 ስለ ጤዛ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እጅግ የምወደው ቦታ ሳይንሱ አይደለም፤ ኑዛዜው ነው። አትክልተኞች ብርድ የማይችሉ ተክሎቻቸውን በስስ ምንጣፍ ሲሸፍኑ እያየ፣ በጎደሎ ዕውቀት ትዕቢት ይሥቅባቸው እንደ ነበር ሳይደብቅ ይናገራል። ያን የመሰለ ስስ ነገር ተክሉ እንደ አየሩ እንዳይቀዘቅዝ ሊያደርግ አይችልም ብሎ ያምን ነበርና።

ከሣቁ የተመለሰው በመሐረብ ነው። ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ የወዳጁ አትክልት ስፍራ፣ በጠራ ሌሊት፣ አራት ቀጫጭን እንጨቶች ሣር ላይ ተክሎ አንድ ስስ መሐረብ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ዘረጋበት። ጎኑ ሁሉ ክፍት ነው፤ አየሩ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። ቴርሞሜትሩን ከመሐረቡ ሥርና ከመሐረቡ ውጪ ባለው ሣር ላይ እያኖረ ሲያነጻጽር፣ የተጋለጠው ሣር ከአየሩ ራሱ በብዙ ዲግሪ ቀዝቅዞ አገኘው፤ የተሸፈነው ግን የአየሩን ጠባይ ሊስተካከል ጥቂት ብቻ ቀረው። መሐረቡ ሣሩን ሲነካ ደግሞ ጥበቃው እንደሚያንስ አስተዋለ። እምዬ ጨርቁን በእንጨት ከፍ ታደርገው የነበረው በዚህ ምክንያት መሆኑን ሳነብ፣ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ድንጋይ፣ ሌሊትም ቀንም ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይረጫል። ቀን ከፀሐይ ስለሚቀበል ኪሳራው አይታወቅም። ሌሊት መስጠት እንጂ መቀበል የለም። ደመና ካለ ከተሰጠው ከፊሉን ወደ ምድር ይመልሳል፤ ሰማዩ ከተራቆተ ግን ሙቀቱ ሄዶ ይቀራል። ነፋስ ቢነፍስ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች ያቀላቅለው ነበር፤ ነፋስ ከሌለ ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል፣ እንደ ውሃም ቁልቁል ወደ ረባዳው ይፈሳል። ስለዚህ ቅጠሉን የሚገድለው ወደ እርሱ የሚመጣ ብርድ ሳይሆን ከእርሱ የሚሄድ ሙቀት ነው። ጆንያው አያሞቅም። ቅጠሉን ከባዶው ሰማይ ይሰውረዋል፤ የሰጠውንም ይመልስለታል። ዌልስ በዚህ ሥራው በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የራምፎርድን ሜዳይ ተቀበለ፤ በሦስተኛውም ዓመት ዐረፈ። አያቴ የተቀበለችው ሽልማት የለም።

የጥንቱ ሰው ግን ውርጭን ከላይ የሚመጣ እንግዳ አድርጎ ነበር የሚያየው። የአማርኛችን ግሥም ይኸው ነው፤ ውርጭ "ይወርዳል" እንላለን። በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈልን መጽሐፈ ሔኖክ ለውርጭ የራሱ መልአክ እንዳለው ይናገራል። የሮማው ፕሊኒ ብርዱን ከጨረቃ ጋር አያይዞ፣ በሚያሰጋ ሌሊት በወይን ቦታው ገለባና ጉራጅ እያነደዱ በጢስ መከላከልን ይመክራል። ፈረንሳውያን አትክልተኞችም በሚያዝያ ወር እምቡጡን የምታቃጥለው "ቀይዋ ጨረቃ" ናት ብለው ያምኑ ነበር። ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ታላቁን ሊቅ ላፕላስን "ይህቺ ቀይ ጨረቃ ምንድን ናት?" ብሎ ቢጠይቀው፣ የፕላኔቶችን ጕዞ ሁሉ በቀመር ያሰላው ሰው መልስ አጣ ይባላል። ነገሩን ለአንባቢ የተረከውና የፈታው የሥነ ፈለክ ሊቁ አራጎ ነው። ጨረቃ ጥፋት የለባትም፤ የታየችው ሰማዩ ስለ ጠራ ነው፤ ተክሉን የገደለውም ያው የሰማዩ መጥራት ነው። በጠራ ሌሊት የሚወርድ ነገር የለም፤ የሚወጣ እንጂ።

ቡና ይህን ሁሉ ሳያውቅ ያደገ ዛፍ ነው።

የትውልድ ቦታው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ጫካ ነው፤ ከፋ፣ ሸካ፣ ኢሉባቦር፣ ጅማ። በተፈጥሮው ራሱን ችሎ ፀሐይ የሚሞቅ ዛፍ አይደለም። ከእርሱ በላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳው ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ይኖራሉ፤ እርሱ ከሥራቸው ይቆማል። ቀን ከፀሐዩ፣ ሌሊት ከሰማዩ ይሰውሩታል። እምዬ በየማታው በአራት እንጨት ላይ የምትዘረጋውን ጆንያ ጫካው ለቡና ሁልጊዜ ዘርግቶለት ይኖራል ማለት ነው። የቡና ቅጠል ከዜሮ በታች ሦስት ወይም አራት ዲግሪ ከደረሰ ይሞታል፤ በዚያ ጫካ ውስጥ ግን ይህ ሌሊት አይመጣም።

ከዚያ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፤ ከየመን ወደ ሕንድ ማላባር ጠረፍ፣ ከማላባርም በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሆላንዳውያን ወደ ጃቫ ወሰዱት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የሙቅ አገር ነው። በ1706 ግን ከጃቫ አንድ የቡና ተክል በመርከብ ተጭኖ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት አትክልት ስፍራ መጣ። ቦዩ የሚቀዘቅዝበት፣ ሰው በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበት አገር ገባ።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ ባለጸጎች ለእንግዳ ዛፍ ቤት መሥራት ጀምረው ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ቬርሳይ ያለው ኦራንዠሪ ነው፤ አርዱዋን ማንሳር ከ1684 እስከ 1686 ባለው ጊዜ ለሉዊ 14ኛ የሠራው። ዋናው አዳራሽ ከ150 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ግድግዳው በሜትር የሚቆጠር ውፍረት አለው፤ መስኮቶቹ ወደ ደቡብ ይመለከታሉ። እሳት አይነድድበትም፤ በግድግዳው ውፍረትና በፀሐዩ ብቻ ብርቱካኑ የብርድ ወራትን ያልፋል። ለቡና ግን ይህ አይበቃም፤ እሳት ይፈልጋል። እሳትም የራሱ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ ከሰል በምድጃ እያደረጉ ከተክሎቹ መካከል ያኖሩ ነበር፤ ጢሱና የታፈነው አየር ግን ተክሉንም ሰውንም ይጎዳል። በ1685 እንግሊዛዊው ጆን ኤቨሊን ለንደን ውስጥ የቼልሲን የመድኃኒት ዕፅዋት ስፍራ ጎብኝቶ፣ እሳቱ ከወለሉ በታች የሚነድድበት ቤት ማየቱን በዕለት ማስታወሻው በአድናቆት ጽፏል። በዚያ ቤት ይጠበቅ ከነበረው አንዱ የወባ መድኃኒት የሚገኝበት ዛፍ ነበር። እንዲህ ባለ ብልሃት ነው ቡናም በሰሜኑ አገር የኖረው።

ከዚያ 1709 መጣ። ጥር 5 ለ6 አጥቢያ በፈረንሳይ ብርዱ በድንገት ወደቀ። ሴን ወንዝ ረጋ፤ የቬኒስ የባሕር ሰርጥ ሳይቀር በረዶ ሆነ። ሴን ሲሞን የተባለው ባለሟል በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ እሳት በሚነድድበት ክፍል አጠገብ፣ በቁም ሣጥን ውስጥ ያለ የመጠጥ ጠርሙስ ከብርዱ የተነሣ መፈንዳቱን ጽፏል። የወይራ ዛፍ፣ ወይን፣ የለውዝ ዛፍ ከነሥሩ ደረቀ፤ የተዘራው ስንዴ ከመሬት በታች ሞተ። በፈረንሳይ በዚያ ዓመትና በተከታዩ በረኀብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ እንደሚጠጋ ይገመታል። ስለ አትክልት ስጽፍ ይህን ቁጥር በፍጥነት ላልፈው አልችልም። ለንጉሡ ብርቱካን ባለ ወፍራም ግድግዳ ቤት ነበረው፤ ለገበሬው እህል ጆንያም አልነበረውም።

ያ ብርድ ሆላንድንም አልማረም። የአምስተርዳሙ ቡና ግን ተረፈ። ይህን የምናውቀው ከሚቀጥለው ታሪክ ነው፤ ከተክሉ ፍሬ የበቀለ አንድ ጤነኛ ችግኝ፣ ቁመቱ አምስት ጫማ ያህል፣ በ1714 ከአምስተርዳም ከንቲባ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ተላከ። እናቱ የ1709ን ሌሊቶች ባታልፍ ኖሮ ልጁ ባልተወለደ። ታሪክ የንጉሡንና የስጦታውን ነገር መዝግቧል። በዚያ ጥር እየተነሣ እሳቱን የቆሰቆሰውን ሰው ግን ስም አላገኘሁለትም።

ፓሪስ በንጉሡ የዕፅዋት ስፍራ ለቡናው የመስታወት ቤት ተሰጠው። እዚያ የነበረው ሊቅ አንትዋን ደ ዡሲዩ ቡናን "የዐረብ ጃስሚን" ብሎ መድቦት ነበር፤ በ1753 ስዊድናዊው ሊኔየስ የጃስሚኑን ነገር ትቶ ዐረብነቱን አጸናለት። ዛሬም የሳይንስ ስሙ "ኮፊያ አራቢካ" ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች ከየመን ወዲያ አላዩም፤ ቅር ቢለኝም አልከስሳቸውም። ዛፉ ራሱ ስለ አገሩ የሚናገረው በስሙ አይደለም፤ ብርድ ሲነካው በሚሆነው ነው።

ከፓሪሱ ተክል ልጆች አንዱን ወደ ካሪቢያን ደሴት ወደ ማርቲኒክ የወሰደው ገብርኤል ደ ክልዩ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ዘመኑን አንዳንዶች 1720፣ ሌሎች 1723 ይሉታል። ችግኙን ያኖረው መስታወት በተገጠመለት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የፀሐዩን ሙቀት ለደመናማው ቀን እንዲያቆይለት። ትንሽ ተንሳፋፊ የመስታወት ቤት መሆኑ ነው። በመርከቡ ላይ የመጠጥ ውሃ አልቆ ሲከፋፈል፣ ከአንድ ወር በላይ የድርሻውን ከችግኙ ጋር እንደ ተካፈለ በስተርጅናው ጽፏል። ምን ያህሉ እውነት ምን ያህሉ ጌጥ እንደሆነ የሚያውቅ እርሱ ነው፤ ቡናው ግን ማርቲኒክ ደርሶ በዛ። ብራዚል ደግሞ በ1727 ከፈረንሳይ ጊያና ዘር አገኘች።

እዚህ ላይ የሰው ጥንቃቄ አበቃ፤ ስግብግብነት ተተካ። አንዲት ተክል በመስታወትና በእሳት ስትጠበቅ የኖረበት ዘመን አለፈና በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎች ጫካው ተመንጥሮ በተራቆተ ኮረብታ ላይ በረድፍ ተተከሉ። ከሪዮ ወደ ሳኦ ፓውሎ፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ደቡብ ወደ ፓራና ግዛት። ፓራና አፈሩ ቀይና ለም ነው፤ ነገር ግን የሐሩሩ ዞን ወሰን የሆነው መሥመር የሚያልፈው በዚያው በሰሜኑ ጫፍ ነው። ከደቡብ ዋልታ በኩል የሚመጣው ብርድ በየጥቂት ዓመቱ ይደርስበታል። በ1918 ሳኦ ፓውሎን መታ፤ በ1953ና በ1955 ፓራናን። ገበሬው ዛፉን ቆርጦ እንደ ገና አቆጠቆጠው። ዋጋው ጥሩ ነበርና።

ሐምሌ 17 ቀን 1975 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በኩሪቲባ በረዶ ጣለ። ሕዝቡ በደስታ ወጥቶ ፎቶግራፍ ተነሣ። በማግሥቱ ሲነጋ በሰሜኑ ያለው ቡና ሞቶ ነበር። ብራዚላውያን "ጥቁሩ ውርጭ" ይሉታል፤ ቅጠሉ ላይ አመዳይ ሳይታይ የቅጠሉ ውኃ ከውስጥ ረግቶ እንዲሁ ያጠቁረዋልና። የዚያ ዓመት ምርት አብዛኛው ተለቅሞ ስለ ነበር ጥፋቱ ወዲያው በጆንያ አልተቆጠረም። በ1976 ግን በፊት በአገሪቱ ቀዳሚ የነበረው ፓራና የሚለቅመው ቡና የለውም ለማለት ይቻላል። የመላው ብራዚል ምርት ከግማሽ በታች ወረደ። ብዙ ባለ መሬቶች ቡናውን ነቅለው ሰብሉን በመኪና ወደሚታጨደው አኩሪ አተርና ስንዴ ዞሩ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የቡና ሠራተኞችም ወደ ከተማ ተሰደዱ።

ይህ ሁሉ ጅማ የደረሰው በስልክ ነው።

አጎቴ ያን ጊዜ ጅማ በአንድ የቡና ንግድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከደብረ ብርሃን በወጣትነታቸው ወጥተው፣ እዚያው አግብተው የቀሩ ናቸው። በ1975 መጀመሪያ በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና ከ70 ሳንቲም በታች ነበር፤ በ1977 ሚያዝያ ከ3 ዶላር በላይ ሆነ። በእኛ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ዋጋ ሲነገራቸው "ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገምሁት፤ መሥመሩ የተበላሸ መስሎኝ" ይሉ ነበር። ከወጪ ንግድ ከግማሽ በላይ ገቢዋን ከቡና ታገኝ ለነበረች አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ምንም እንኳ ከጭማሪው ብዙው ክፍል በግብር ወደ መንግሥት ካዝና ቢገባና ለቃሚው እጅ የደረሰው ጥቂት ቢሆን።

አጎቴ አዘውትረው የሚያነሡት ግን ዋጋውን አልነበረም። በመጋዘኑ ያሉ ሰዎች፣ ሚዛን ያዡም ቡና ለቃሚዋም፣ "ብራዚል ምን ሆኖ ነው?" ብለው ሲጠይቁ "ውርጭ መትቶት" ተባለ። ውርጭ ምን እንደሆነ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የደጋውን ሰው ጠየቋቸው።

"ምን ብለህ ታስረዳለህ?" ይሉኝ ነበር አጎቴ። "አመድ የመሰለ ነገር ማሳው ላይ ይታያል አልኋቸው። ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል፤ ተክሉ ግን የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ይሆናል አልኋቸው። አንዱ ሣቀና 'እንግዲያማ እግዜር ብራዚልን ዘወትር ውርጭ ያልብሳት' አለ። ሁሉም ሣቁ። እኔ ግን አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ባቄላችን ያረረ ጊዜ፣ እናቴ ማሳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስከ ቀትር ያልተነሣችው ትዝ አለኝ። መሣቅ አቃተኝ። ሰውየውንም መቆጣት አቃተኝ፤ ስድስት ልጆች ነበሩት።"

እኔም ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ፍርድ መስጠት አልቻልሁም። በ1994 ብራዚል እንደ ገና በውርጭ ተመትታ ዋጋው ሲተኮስ፣ በ2021 ሐምሌ ደግሞ ሚናስ ዤራይስ ላይ ውርጭ ወርዶ ገበያው ሲናጥ፣ ዜናውን ያየሁት በሁለት ዐይን ነው፤ አንዱ የጅማ፣ አንዱ የደብረ ብርሃን።

በፓራና ቡና ጨርሶ አልጠፋም። የቀሩት ገበሬዎችና የግዛቲቱ የእርሻ ምርምር ተቋም ውርጭን የሚከላከሉበት ዘዴ አዳበሩ። ከ1995 ጀምሮ በብርድ ወራት የውርጭ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። ማስጠንቀቂያው ሲሰማ፣ ከስድስት ወር በታች የሆነውን ችግኝ ገበሬው ሙሉ በሙሉ በአፈር ይቀብረዋል፤ ከነነፍሱ። ብርዱ ሲያልፍ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በእጁ እየጫረ ያወጣዋል። እስከ ሁለት ዓመት ለደረሰው ደግሞ አስቀድሞ በግንዱ ዙሪያ አፈር ይከምርለታል፤ ላዩ ቢሞት እንኳ ከአፈሩ ሥር ያለው ግንድ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ዘዴ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በመሸ ሰዓት ሺህ ችግኝ ሲቀብር ይታየኛል፤ እምዬም ሰፌዷን ስትደፋ።

ሌላው ያገኙት ዘዴ ከቡናው ረድፍ መካከል የርግብ አተር የሚባለውን ረጅም ቁጥቋጦ ወይም ሌላ ጥላ መትከል ነው። በጥላው ሥር ያለ የቡና ቅጠል በጠራ ሌሊት ከተጋለጠው በሁለትና በሦስት ዲግሪ ይሞቃል። ይህ ልዩነት በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ነው። አምስተርዳም በመስታወት፣ ቼልሲ ከወለል በታች በነደደ እሳት፣ ደ ክልዩ በሣጥን፣ ፓራና በአፈር የሞከሩት ሁሉ፣ ዛፉ ከዋንዛው ሥር ሲወጣ የተገፈፈውን ልብስ በሌላ ጨርቅ መተካት ነበር። በእኛ አገር ያ ዋንዛ አሁንም እየተቆረጠ ነው። ለማገዶ፣ ለጣውላ፣ ለእርሻ። ቆራጩን ድኻ በዚህ ከሞቀ ክፍል ሆኜ ልገሥጽ አልደፍርም፤ ግን ያሳስበኛል።

አጎቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ችግኟ በሞተች ሳምንት ለአክስቴ ደወልሁ። ላለመናገር አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ከጤና ጥያቄ ቀጥላ የጠየቀችኝ ስለ ቡናዋ ነው።

"ሞተች" አልኋት።

"ምን ነካት?"

"ውጭ አደረች። ውርጭ መታት።"

ዝም አለች። ከዚያ፣ በጅማ ተወልዳ ያደገችው፣ ውርጭን በዐይኗ አይታ የማታውቀው አክስቴ፣ "ሳትሸፍናት?" አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። እሷ ወሬውን ለውጣ የጓሮዋ ቡና ዘንድሮ ጥሩ እንደያዘ፣ ዋንዛው እንደ ሰፋና የጎረቤቱን ጣራ እንደ ነካ፣ ጎረቤቱም ቅርንጫፉ ይቆረጥልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ እንደ መጣ ነገረችኝ። አላስቆረጠችም። ቀይ ቀዩን ለቅማ በሚመጣ ሰው ልትልክልኝ ቃል ገባች።

የችግኟን ሸክላ አጥቤ አስቀምጫለሁ። ከሰፈሬ ቡና ቆዪ የለመንሁት ጆንያም ከበረንዳው በር አጠገብ ተጣጥፎ አለ። ላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል "ብራዚል" ተብሎ ተጽፎበታል።